ይሄ የእኛ ቀለም አይደለም

ለውድ አባቴ፤

አባዬ፣ ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ? ደረጃ ስትወርድ አሁንም ግድግዳውን ይዘህ በጎንህ ነው የምትወርደው? ወንድሜን በስልክ ስጠይቀው «ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል» ይለኛል፤ አባቱን ሳይሆን አራስ ሕፃን የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። እኔ የምፈልገው ወሬ ሌላ ነው። ጠዋት ፊትህን ስትታጠብ ታፏጫለህ ወይ? እዚህ ሳለህ ደህንነትህን የማውቀው በፉጨትህ ነበር። ያላፏጨህ ቀን ወይ ጉልበትህን አሞሃል፣ ወይ እኔ አናድጄሃለሁ።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ይገባል። የልጅ ልጅህ፣ አለቃህም ደህና ናት። ከሆስፒታል ከወጣች ይኸው ሦስት ወር ሞላት። ስለ ኩላሊቷ ከታች እጽፍልሃለሁ፤ ወሬው ጥሩ ነውና ገጽ እየዘለልክ እንዳትፈልገው። ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኑን ስትሰማ «ሠራተኛዬ ለምን ቀረ በይው» ብላለች። አንተ ነህ ያበላሸሃት። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ወገቧን ይዛ ሠራተኛ መቆጣጠር ብትጀምር «አለቃ» ብለህ ጠራሃት፣ ይኸው ስሟ ሆኖ ቀረ። አሁን እኔንም ታዘኛለች።

ፊደሉን እንዲህ ያገዘፍኩት መነጽርህ ሲጠፋብህ የወንድሜን ሚስት «ነይ አንብቢልኝ» እንዳትላት ነው። እሷን ጠልቼ አይደለም። ይሄ ደብዳቤ ለአንተ ብቻ ነው፤ እባክህ ብቻህን ስትሆን አንብበው። በስልክ ልነግርህ አራት ጊዜ ሞክሬ፣ አራቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። እኔ ስጽፍ ነው የምደፍረው። ስናገር ምላሴ እንደሚቀድመኝ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሰሞኑን የድሮው ነገር ሁሉ እየመጣ ያባባኛል። ትናንት ሰማያዊ ስነክር ውዬ ክሩን ገመድ ላይ ሳሰጣ፣ ጠብታው አንገቴ ውስጥ ገባና ብቻዬን ሳቅኩ። ትዝ ይልሃል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በገመዶቹ ሥር እየሮጥኩ ነበር የምገባው። ደብተሬ ሁልጊዜ ዥጉርጉር ነበር። አስተማሪዬ የሒሳብ ደብተሬን ገልጣ «ይሄ ቀዩ እርማት ነው ወይስ ቀለም?» ብላኝ፣ እርማቱም ቀለሙም እኩል እኩል ነበር። እማዬ በር ላይ ቆማ «ልጄን አዥጎረጎርክብኝ!» እያለች ትጮህብሃለች፤ አንተ ከእንፋሎቱ ውስጥ «አይለቅም፣ ጥሩ ቀለም ነው!» ትላታለህ። ተቆጥታ ትገባለች፣ ግን ትከሻዋ ሲስቅ አየው ነበር።

እጅህ እስከ ክርንህ ሰማያዊ ነበር። መንገድ ላይ ይዘኸኝ ስትሄድ ሰው ዞሮ ያየን ነበር፤ እኔ ደግሞ የሌሎቹ ልጆች አባቶች እጅ እንዲያው ያልተሠራበት መስሎ ይታየኝና አዝንላቸው ነበር። ሰባት ዓመቴ ላይ አምስት ነጭ የክር ጥቅሎች ገመድ ላይ ሰቅለህ «የቱ ነው ነጩ?» አልከኝ። ሁሉም ነጭ ነው አልኩህ። ወንበር አምጥተህ አስቀመጥከኝና ወደ ሥራህ ሄድክ። ፀሐይዋ እስክትዞር ቁጭ ብዬ ሳፈጥ ውዬ፣ አንዱ ቢጫ እንደሚመታው፣ አንዱ ግራጫ እንደሆነ፣ አንዱ የእርጎ እንደሚመስል ታየኝ። ሮጬ መጥቼ ስነግርህ በሰማያዊ እጅህ ጉንጬን ያዝከኝ። የጣቶችህ ምልክት ሦስት ቀን ፊቴ ላይ ነበር፤ እንዳይለቅ ብዬ ፊቴን አልታጠብም ብዬ እማዬን ያቃጠልኳት ያኔ ነው።

እርጥቡን አትመኚው፣ ደርቆ ፀሐይ ላይ ይታይ ትለኝ ነበር። ነጋዴዎች ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ ክር ይዘው ይመጣሉ፤ አንተ አንድ ጊዜ አይተህ ትመልስላቸዋለህ፣ በሳምንቱ ሲመጡ ያንኑ ቀለም በርሜል ሙሉ ያገኙታል። ያ ከሲታው ነጋዴ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «የዚህ ሰውዬ ዓይን ሚዛን ነው» ይል ነበር። አንተ ያልሰማህ ትመስላለህ፣ ግን ያን ቀን ፉጨትህ እስከ መንገድ ድረስ ይሰማል።

የማትነክረው ቀለም አንድ ብቻ ነበር። ቡናማ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ሆኖ ሳለ «ቡናማ የለንም» ትላለህ፤ ጨው የለንም እንደሚል ባለሱቅ። ለምን ስልህ «አልወደውም» ነው መልስህ። እማዬ ካለች ደግሞ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔ ከአንዱ ነጋዴ ጋር ተጣልታችሁበት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሥራውን ለእኔ ስታስረክበኝ «እንደፈለግሽ አድርጊ» ብለኸኝ ስለነበር፣ በሦስተኛው ዓመት የትምህርት ቤት ሹራብ ክር ትእዛዝ ሲመጣ ቡናማ ጀመርኩ። አልከለከልከኝም። ቡናማ በምነክርበት ቀን ግን ወንበርህን ይዘህ ከግቢ ውጭ ትቀመጣለህ። እኔም «ዛሬ አባዬ ተሰዷል» እያልኩ እቀልድብህ ነበር። ያን ቀልድ ሳስበው አሁን ፊቴ ይግላል።

ወደዚያ ሰሞን ልግባ። አንተ ታውቀዋለህ፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምተኸው አታውቅም።

ጉንፋኑ ሰፈሩን በሙሉ ይዞት ነበር፤ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ግማሹ ልጅ ቀርቶ ነበር። አለቃ አራት ቀን እንደ ምድጃ ነደደች። እኔ በርሜል ላይ ነኝ፣ ትእዛዙ ደርሷል፤ ጨርቅ እያረጠብክ ግንባሯ ላይ የምታደርገው አንተ ነበርክ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ደስ አለን። ዳቦ ጠየቀች። ከአልጋ ወርዳ በጣቶቿ ጫፍ ስትራመድ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሴት መስላ ሳቅን። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቁጭ አለችና «እግሬ እንቢ አለኝ» አለች። ባቷን ስትነካት ጮኸች። እኔ «ተኝታ ስለከረመች ነው፣ ይፍታታል» ብዬ ወደ ሥራዬ። በማግስቱም ከአልጋዋ አልወረደችም፤ ፖፖዋን ሥሯ ድረስ እያመጣህ የምታስቀምጣት አንተ ነበርክ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያን ፖፖ ይዘህ ወደ በርሜሎቹ መጣህ። ውስጡ ያለው ቡናማ ነበር፤ ድፍን ያለ፣ የጠቆረ ሻይ የመሰለ። እኔ አየሁትና አልገረመኝም። ልጅቷ ያየችውን ዕቃ ሁሉ በቀለም እየሞላች ለአሻንጉሊቶቿ ሻይ ታፈላለች። አንድ ጊዜ ያንተን ባርኔጣ በቀይ ሻይ ሞልታ አቅርባልህ «ስኳር ጎደለው» ብለሃት የለ? በርሜሌ ውስጥ ያን ቀን ያለው ቡናማ ነው፣ ፖፖው ውስጥ ያለውም ቡናማ ነው፤ ለእኔ ነገሩ አለቀ። አንተ ግን «ከአልጋዋ ሳትወርድ በርሜሉ ጋ በምን ደረሰች?» አልከኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይሄ የእኛ ቀለም አይደለም» አልክ።

ያ ከሲታው ነጋዴ ክሩን ሊያይ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። በእሱ ፊት ነው ያልኩህ፦ «አባዬ፣ ዓይንህ ደክሟል። ቀለሙን ለእኔ ተውልኝ።» ፖፖውን ከእጅህ ተቀብዬ ደፋሁት፣ አጠብኩትም። ነጋዴው ጫማውን አየ። አንተ ዞረህ ሄድክ።

በማግስቱ ሽንቷ ያው ነበር፣ ያውም ጥቂት ጠብታ። ፖፖውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነህ፣ በዚያ ጉልበትህ፣ እስከ ጤና ጣቢያው በእግርህ ሄድክ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መንገድ ላይ አግኝታህ «ምሳ ለማን ነው?» ብላ እንደቀለደችብህ በኋላ እያለቀሰች ነገረችኝ። ነርሷ ጨርቁን ገልጣ አይታ ሁለተኛ ቃል ሳትጠይቅህ በመኪና ይዛህ መጣች። እኔ ያን ጊዜ ነው የልጄን ፊት ደህና አድርጌ ያየሁት። የዓይኗ ቆብ አብጧል። ስጠራት ከሩቅ ቦታ እንደምትሰማኝ ነበር የምታየኝ።

ሆስፒታል ወስደናት ሐኪሟ ያስረዳችን እንዲህ ነው፣ አንተም ሰምተሃል። የያዛት ተራ ጉንፋን ሳይሆን ኢንፍሉዌንዛ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ልጆች ላይ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ጡንቻ ያሳምማል፤ ብዙዎቹ ያለ ምንም ነገር በሳምንት ይድናሉ። አልፎ አልፎ ግን ጡንቻው ክፉኛ ይጎዳና ከውስጡ የሚወጣው ነገር በደም ሄዶ ኩላሊት ይዘጋል፤ ሽንቱን እንዲያ የሚያጠቁረው እሱ ነው። የእኛዋ ከጥቂቶቹ ሆነች። ደሟን ማሽን ሊያጣራላት ነው ሲሉኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘጠኝ ቀን። ያች የእጅ አንጓ፣ ያ ሁሉ ቱቦ። በሰባተኛው ቀን ከቡና ሲኒ የማይሞላ ሽንት ሸንታ ነርሶቹ ሲያጨበጭቡ፣ አለቃ ዓይኗን ገልጣ «ምን ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀችህ። በመስኮቱ በኩል ፊትህን ወደ ውጭ አዙረህ ነው የመለስክላት።

አሁን የሚከብደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። ባለቤቴ ከመንገድ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ኮሪደሩ ላይ አገኘን፤ አንተ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ እኔ ቆሜ። ሐኪሟ ቀድማ «ከመጀመሪያው ቀን መጥታ ቢሆን ይሻል ነበር» ብላው ስለነበር ፊቱ አመድ መስሏል። «አንድ ሙሉ ቀን እንዴት ሰው አላየም?» አለ። እኔን አልነበረም የጠየቀው፣ አየሩን ነበር። እኔ ግን መለስኩ። «አባዬ ነበር የሚጠብቃት፣ ቀለም መስሎት ነው» አልኩ።

አልኩ፣ አባዬ። ምላሴ ቀደመኝ ብዬ ላመካኝ አልችልም፤ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ጊዜ ነበረኝ። ቀና ብለህ አየኸኝ። ብትቆጣ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል» አልክ። የገዛ ቃሌን ነው የመለስክልኝ፤ ያውም በእኔ ላይ ሳይሆን በራስህ ላይ። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታህን በግማሽ አፍ ነበር የሚመልሰው። ልጅቷ ቤት በገባች በማግስቱ «ወንድምሽ ጋ ትንሽ አየር ልቀይር» ብለህ ስትነሳ ለምን እንደምትሄድ አውቃለሁ። አውቄ ሻንጣህን በር ድረስ ያዝኩልህ። እስካሁን እጄ ላይ ክብደቱ አለ።

ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩት «አባት ነው፣ ለልጁ ሲል ነው የቻለው» የሚል ነበር። ለሦስት ወር በዚያ ተኝቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን የእማዬ ታላቅ እህት አለቃን ልትጠይቅ መጣች። እኔ እንደ ዘወትሩ የልጅቷን ሽንት በብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንስቼ ሳይ አክስቴ አየችኝና ፊቷ ተለዋወጠ። «ያኛውም እንዲሁ እግሬን እግሬን ብሎ ነበር የተኛው» አለች። ማን ብዬ ስጠይቃት «ከአንቺ በፊት የነበረው» አለች። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እሱን አንድ ሁለቴ አንስታልኝ ነበር፤ ጉንፋን ወሰደው ከማለት ሌላ አልነገረችኝም። አክስቴም «ሽንቱ ጠቁሮ ነበር፤ አባትሽ ያን ሰሞን የሚነክረው ቡናማ ነበር» አለችና አለቃን አቅፋ ሌላ ወሬ ጀመረች።

ብርጭቆውን እንደያዝኩ መስኮቱ ጋ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ማን እንዳየ፣ ማን እንደደፋ፣ ማን ፖፖ ይዞ በእግሩ እንደሄደ። አልጮኸብኝም። ወጥቶ የቆመ መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ተቀመጠ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ «ነገ ሄጄ ላምጣቸው?» አለኝ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። መጀመሪያ ከእኔ መስማት አለበት አልኩት።

ይቅር በለኝ አባዬ። በነጋዴው ፊት ስላዋረድኩህ፣ በባለቤቴ ፊት ስለዋሸሁብህ፣ ሻንጣህንም ስለያዝኩልህ። ነጋዴውን ትናንት ሱቁ ድረስ ሄጄ «ያን ቀን አባቴ ነበር ልክ» ብዬዋለሁ፤ «እኔ መች ተጠራጠርኩ?» አለኝ ሰውዬው፣ አሳፈረኝ። ደግሞም አንድ ነገር ልበልህ። ዕድሜውን በቀለም ውስጥ የኖረ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ያየውን ነገር ቀለም ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ያውም የሚነግረው ሐኪም በሌለበት ጊዜ። ይሄን የምጽፈው ራሴን ለማጽናናት ብቻ አይደለም።

አሁን የኩላሊቷን ወሬ ላድርስልህ። የባለፈው የደም ምርመራዋ ደህና ነው፣ ኩላሊቷ ሥራውን እየሠራ ነው ብለውኛል። ሽንቷ ውስጥ ገና ትንሽ የማይወዱት ነገር ስላለ በየሦስት ወሩ ትታያለች። ግን ሐኪሟ ያሳሰበችኝ አንድ ጉዳይ አለ። የመጀመሪያ ቀን «በቤተሰባችሁ ከጉንፋን በኋላ እንዲህ የሆነ ልጅ አለ?» ብላ ስትጠይቅ «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ አጠገቤ አፍህን ከፍተህ መልሰህ ዘጋኸው፤ ልታስል መስሎኝ ነበር። በዘር የሚሄድ የጡንቻ ድካም ካለ፣ ወደፊት ትኩሳት በያዛት ቁጥር ያው ነገር ሊደገም ይችላል፤ ከታወቀ ግን ቀድሞ መጠንቀቅ ይቻላል ትላለች። ስለዚህ ያ የድሮው ነገር የልጅቷን ነገ የሚነካ ሆኗል። የቀጠሮዋ ቀን የፊታችን ሐሙስ ሳይሆን የሚቀጥለው ነው። ሐኪሟ ፊት አንተ እንድትቀመጥና ያየኸውን እንድትነግራት እፈልጋለሁ። ከዚህ ቤት ያየ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ባለቤቴ እሑድ መጥቶ ይወስድሃል፤ አይሆንም ካልከው እዚያው በር ላይ እንደሚያድር ዝቶልኛል፣ እሱ ደግሞ ያደርገዋል።

ሐኪሟ የሰጠችኝ ቅጽ ላይ የቤተሰብ ዝርዝር አለ። ያንተን፣ የእማዬን፣ የእኔን፣ የወንድሜን ሞልቻለሁ። ከእኔ በላይ አንድ መስመር ባዶ ትቼአለሁ። ዕድሜውን አክስቴ ነግራኛለች፤ ሦስት ዓመት። ስሙን ልትነግረኝ ስትል ግን አፏን ያዝኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንተ ብቻህን ይዘኸዋል፤ ከአንተ አፍ ነው መስማት የምፈልገው። ስትመጣ እንዲህ ብለን ጠራነው ትለኛለህ፣ እኔም በእጄ እጽፈዋለሁ።

ጉልበትህን ያበርታልህ፣ ዕድሜህን ለእኛ ብሎ ያርዝመው። መንገዱን ቀና ያድርግልህ። የምትወድህና የምትናፍቅህ፣

የእሱ ታናሽ፣ ልጅህ